የመዳብ ልባጥና የባሕር ውሃ፦ ስለ ብረታ ብረት መበላት ምሁራን ያደረጉት ምክክር ታሪክ

ብረታ ብረት ከምድር ወጥቶ፥ በእሳት ተጣርቶና በሰው እጅ ቅርፅ ይዞ ከተገኘበት ቀን አንሥቶ ወደ ቀድሞ ባሕርዩ ለመመለስ ይጥራል። ማረሻው ይዝጋል፥ የውሃ ቧንቧው ይሸነቆራል፥ የድልድዩ ብሎን እየሳሳ ይሄዳል። ይህን ለገበሬም ሆነ ለአንጥረኛ ማስረዳት ትርፍ ነገር ነው፤ ሁለቱም ከእኛ ቀድመው ያውቁታልና። ነገር ግን ብረታ ብረት በውሃ ውስጥ ለምን እንደሚበላና መበላቱም እንዴት እንደሚገታ ለማወቅ የተደረገው ምርመራ የራሱ የሆነ ታሪክ አለው። ይህም ታሪክ በአንድ ሰው ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ የተፈጸመ አይደለም። ምሁራን ተሰብስበው ጽሑፍ በሚያነቡበት፥ በሚጠያየቁበትና በሚከራከሩበት አዳራሽ ውስጥም የተፈጸመ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ከእነዚህ ስብሰባዎች ዋና ዋናዎቹን ነው። መነሻችን ሰር ሃምፍሪ ዴቪ በለንደን ሮያል ሶሳይቲ በተባለው የምሁራን ማኅበር ፊት በጃንዋሪ 22 ቀን 1824 ስለ መርከቦች የመዳብ ልባጥ ያነበበው ጽሑፍ ነው። መድረሻችን ደግሞ በዚያው ከተማ በ1961 የተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የብረታ ብረት መበላት ጉባኤ ነው። የዴቪ ሥራ በብዙ መጻሕፍት የታላቅ ሰው ትልቅ ውድቀት ተብሎ ይነገራል። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ ስንመለከተው ዴቪ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል፤ ጎደሎ የነበረው ጥያቄው ነው እንላለን። ይህ ልዩነት ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ለሚጠየቅ ለማንኛውም ተማሪ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን ልንጽፈው ወደድን።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃልና ስለ ዘመን አቆጣጠር ጥቂት ማስታወሻ ያስፈልጋል። በቋንቋችን «ዝገት» የምንለው በተለይ ብረት የሚያወጣውን ቀይ ትቢያ ነው። መዳብና ዚንክ ግን ይህን ቀይ ዝገት ባያወጡም በውሃ መጠቃታቸው አይቀርም። ስለዚህ ለሁሉም የሚስማማውን «መበላት» የሚለውን ቃል መርጠናል። ዓመታቱም ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. የአላርም መርከብ ምስክርነት

በ18ኛው መቶ ዓመት የጦር መርከብ የሚሠራው ከእንጨት ነበር። እንጨቱም በባሕር ውስጥ ሁለት ጠላቶች ነበሩት። አንደኛው በሞቃት ባሕሮች የሚገኘውና የመርከቡን አካል እየቦረቦረ የሚያወናፍለው እንጨት በሊታ ትል ነው። ሁለተኛው ከውሃ በታች ባለው የመርከቡ ክፍል ላይ የሚበቅለው የባሕር ሣርና በዚያው የሚጣበቁት ቅርፊት ያላቸው ትናንሽ እንስሶች ናቸው። እነዚህ ሲበዙ መርከቡ እንደ ልቡ መሄድ ይሳነዋል። በጦርነት ጊዜ ደግሞ የፍጥነት ማነስ ማለት ጠላትን ማሳደድም ከጠላት ማምለጥም አለመቻል ነው።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለዚህ መድኃኒት ለመፈለግ በ1761 አላርም የምትባለውን መርከብ ከውሃ በታች ያለውን አካልዋን በስስ የመዳብ ዝርግ አስለብጦ ወደ ምዕራብ ኢንዲስ ደሴቶች ላካት። ተመልሳ በ1763 በተመረመረች ጊዜ መዳቡ ትሉንም ሣሩንም እንደ ከለከለ ታወቀ። ነገር ግን ያልታሰበ ነገር ደግሞ ተገኘ። መዳቡ የነካቸው የብረት ሚስማሮችና ሌሎችም የብረት ክፍሎች ክፉኛ ተበልተው ነበር። ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹ ብረቶች ሳይበሉ ደኅና ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ሲመረመር የመዳቡ ዝርግ ከፋብሪካ ሲመጣ የተጠቀለለበት ቡናማ ወረቀት በአንዳንድ ቦታ ሳይነሣ ቀርቶ በመዳቡና በብረቱ መካከል ገብቶ ኖሯል። ወረቀቱ ባለበት ቦታ ብረቱ ድኗል፤ ወረቀቱ በሌለበት ጠፍቷል።

መርማሪዎቹ ከዚህ ያወጡት ትምህርት ግልጽ ነበር፤ ይኸውም በባሕር ውሃ ውስጥ ብረትና መዳብ ፈጽሞ ተነካክተው መቀመጥ የለባቸውም የሚል ነው። ይህን ያሉት ጋልቫኒ ስለ እንቁራሪት እግር መወራጨት የጻፈውን ሥራ በ1791 ከማውጣቱ 28 ዓመት ቀደም ብለው ነው። ስለ ምክንያቱ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ያዩትን ግን በትክክል መዝግበዋል። የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ባስከተለው ችኮላ ከ1779 ጀምሮ የእንግሊዝ መርከቦች በብዛት በመዳብ ተለበጡ። የብረት ብሎኖች እየተበሉ ችግር በፈጠሩ ጊዜም በ1780ዎቹ ዓመታት በመዳብና በመዳብ ቅልቅል ብሎኖች እንዲለወጡ ተደረገ። ስለዚህ ብረቱ ከመዳቡ ጎን ተነሣ፤ ነገሩም ያለቀ መሰለ።

2. የ1824ቱ ንባብ

መዳቡ ራሱ ግን ይበላ ነበር። አንዳንዱ መርከብ ላይ ለብዙ ዓመት ሲቆይ በሌላው ላይ በጥቂት ዓመት ሳስቶ ይበሳል። መዳብ ውድ ስለሆነ ይህ በባሕር ኃይሉ ሒሳብ ላይ የሚታይ ከባድ ኪሣራ ነበር። ብዙዎች ጥፋቱን በመዳብ አቅራቢዎች ላይ አሳበቡ፤ መዳቡ ንጹሕ ስላልሆነ ነው የሚሉ ነበሩ። የባሕር ኃይሉ ሹማምንት በ1823 የሮያል ሶሳይቲን ምክር ጠየቁ። በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሃምፍሪ ዴቪ ነበርና ምርመራውን ራሱ ያዘው።

ለዚህ ሥራ ከእርሱ የተሻለ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ቮልታ የዚንክና የመዳብ ወይም የብር ክብ ዝርጎችን በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ እያለያየ በመደርደር ኮረንቲ የሚሰጠውን መሣሪያ ሠርቶ በ1800 ለዚሁ ማኅበር በደብዳቤ ካስታወቀ ወዲህ በአዲሱ ኃይል አብዝቶ የተጠቀመው ዴቪ ነው። በ1807 ፖታሲየምንና ሶዲየምን ከውሑዶቻቸው የለየው በኤሌክትሪክ ነበር። በ1815 የማዕድን ቆፋሪዎችን ከፍንዳታ የሚጠብቀውን ፋኖስ በመሥራቱም ስሙ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ሆኗል።

ዴቪ ጥፋቱ የመዳቡ ንጽሕና ማነስ ነው የሚለውን አልተቀበለም። መዳቡን የሚበላው የባሕር ውሃ ከአየር ያገኘውንና በውስጡ የሟሟውን ኦክሲጅን በመያዙ ነው አለ። ከዚያም የሚከተለውን አሰበ። መዳብ በባሕር ውሃ የሚጠቃው በኤሌክትሪክ ረገድ ከውሃው አንጻር ጥቂት አዎንታዊ ጠባይ ስላለው ነው። ይህ ጠባይ ቢለወጥና መዳቡ ጥቂት አሉታዊ እንዲሆን ቢደረግ መበላቱ መቆም አለበት። ለዚህም ከመዳቡ ይልቅ በቀላሉ የሚበላ ሌላ ብረት፥ ማለት ዚንክ ወይም ብረት፥ ከመዳቡ ጋር አነካክቶ ማሰር ይበቃል። ያ ሁለተኛው በመዳቡ ፋንታ ይበላል፤ መዳቡም ይድናል።

አንባቢ እዚህ ላይ የአላርምን ወረቀት ያስታውስ። በአላርም ላይ እንደ ጉዳት የታየው ነገር፥ ማለትም ብረት ከመዳብ ጋር ሲነካካ የመጥፋቱ ነገር፥ በዴቪ እጅ ወደ መድኃኒት ተለወጠ። አንዱ ሲጠፋ ሌላው የሚድን ከሆነ መጥፋት ያለበትን መምረጥ የሰው ፈንታ ነው።

ሙከራው የታሰበውን አረጋገጠ። አተር የምታህል የዚንክ ቁራጭ ወይም የትንሽ ሚስማር ጫፍ ከ40 እስከ 50 ካሬ ኢንች የሚሆን መዳብ ለመጠበቅ ስትበቃ ተገኘች። ዴቪ በዚያው ዓመት በቀጠለው ሁለተኛ ጽሑፉ በፖርትስመዝ ወደብ ለብዙ ሳምንታት በማዕበል ውሃ ውስጥ ተነክረው ከመነከራቸው በፊትና በኋላ የተመዘኑትን የመዳብ ዝርጎች ውጤት አቀረበ። የጠባቂው ብረት ስፋት ከመዳቡ ስፋት ከ1/40 እስከ 1/150 ሲሆን መዳቡ ምንም አልጎደለም። ከ1/200 እስከ 1/400 ሲሆን ጥቂት ክብደት አጣ፤ ጠባቂው ባነሰ መጠንም የሚጎድለው በዛ። ጠባቂው 1/1000 እንኳ ሲሆን ከመዳቡ ጥቂቱን ማዳኑ አልቀረም። ርካሽ በመሆኑና ረዥም ጊዜ በመቆየቱም ቀልጦ የተቀዳው ብረት ከዚንክ የተሻለ ሆኖ ተመረጠ።

እነዚህ ቁጥሮች ዛሬም ቢሆን ማንኛውም የኬሚስትሪ መምህር የሚያመሰግናቸው ናቸው። መላ ምቱ ግልጽ ነው፤ ሙከራው ከመላ ምቱ ይነሣል፤ መጠኑም ተለይቶ ተለክቷል። የባሕር ኃይሉም ሳይውል ሳያድር ጠባቂ ብረት በመርከቦች ላይ እንዲገጠም አዘዘ። ዴቪ ራሱ በ1824 በጋ ኮሜት በምትባል የእንፋሎት መርከብ እስከ ስካንዲናቪያ ሄዶ ሥራውን በባሕር ላይ ፈተነ።

3. በባሕር ላይ የሆነው

መርከቦቹ ከጉዟቸው ሲመለሱ ሁለት ነገር በአንድነት ታየ። መዳቡ፥ ዴቪ እንዳለው፥ አልተበላም። ነገር ግን የባሕር ሣርና ቅርፊታም እንስሶች ተጣብቀውበት ነበር፤ መርከቦቹም ከብደው ይጓዙ ጀመር። ስለዚህ መዳቡ የዳነው የተለበጠበት ጥቅም ቀርቶ ነው።

ከዚህም የተነሣ የባሕር ኃይሉ የበላይ ጽሕፈት ቤት በጁላይ 1825 በባሕር ላይ ከሚዘዋወሩት መርከቦች ጠባቂው ብረት እንዲነሣ አዘዘ። በወደብ ቆመው በሚጠበቁት መርከቦች ላይ ግን እስከ 1828 ቆየ። ጋዜጦች ቀድሞ ባመሰገኑበት ብዕር ነቀፉ። ዴቪ በ1826 መጨረሻ ታመመ፤ በ1827 ከሊቀ መንበርነቱ ለቀቀ፤ በ1829 በጄኔቭ ሞተ።

ዛሬ የሁኔታውን ምክንያት ከዴቪ ዘመን ሰዎች በተሻለ እናውቀዋለን። መዳብ በባሕር ውሃ ሲበላ ጥቂት በጥቂት የመዳብ አዮን ወደ ውሃው ይለቃል። ይህ አዮን በመርከቡ ላይ ሊጣበቁ ለሚመጡት የእንስሳት እጮችና የሣር ዘሮች መርዝ ነው። መዳቡ መበላቱን ሲያቆም መርዙም ይቆማል። ከዚህም በላይ በተጠበቀው መዳብ ላይ የሟሟው ኦክሲጅን ወደ ሃይድሮክሳይድ ስለሚለወጥ በአጠገቡ ያለው ውሃ አልካሊ ይሆንና በባሕሩ ውስጥ ያለው የካልሲየምና የማግኒዚየም ጨው በመዳቡ ላይ እንደ ኖራ ይጋገራል። በዚህ ቅርፊት ላይ ለመጣበቅ ደግሞ ቀላል ነው። በአጭሩ መዳብ መርከቡን የሚጠብቀው በመበላቱ ነበር። መበላቱ ጉድለቱ አልነበረም፤ ሥራው ነበር።

4. ጥፋቱ የት ላይ ነው?

ስለዚህ ታሪክ የሚጽፉት ሰዎች ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ ንድፈ ሐሳቡ በተግባር ወደቀ ይላሉ። ይህ ከማስረጃው ጋር አይስማማም፤ መዳቡ ድኗልና። ሌሎች ደግሞ ዴቪ ቸኩሏል ይላሉ። ይህኛው በከፊል እውነት ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፥ በወደብ ውስጥ ለሳምንታት የተደረገ ሙከራ ወራትና ዓመታት ለሚፈጅ የባሕር ጉዞ ዋስ ሊሆን አይችልም። በመዳቡ ላይ የሚጋገረውን ቅርፊት ዴቪ በራሱ ሙከራ ጊዜ አይቶት ነበር፤ የጠባቂውን መጠን በማስተካከል የሚወገድ መስሎት ነገሩን አቃልሎ ተመለከተው።

ይሁን እንጂ ችኮላ ብቻውን ነገሩን የሚያስረዳ አይመስለንም። ጥያቄው ከየት እንደ መጣ መመልከት ያስፈልጋል። ጥያቄውን ያቀረቡት የባሕር ኃይሉን ንብረት የሚያስተዳድሩት ሹማምንት ናቸው። በእነርሱ መዝገብ መዳብ የወጪ አርእስት ነው፤ ስለዚህ የጠየቁት «መዳቡ እንዳይበላ ምን ይደረግ?» ብለው ነው። የመርከብ አዛዥ ቢጠየቅ ግን «መርከቤ ፈጣን ሆኖ እንዲቆይ ምን ይደረግ?» ይል ነበር። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። እንዲያውም በዚህ ነገር እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሆነው ተገኙ። ዴቪ ለመጀመሪያው ጥያቄ ፍጹም መልስ ሰጠ፤ የተፈረደበት ግን በሁለተኛው ነው።

በ1824 በሮያል ሶሳይቲ አዳራሽ የተሰበሰቡት በጊዜው ከነበሩት ታላላቅ ሊቃውንት መካከል ናቸው። ነገር ግን የንባቡ ልማድ ጽሑፉ ተነቦ መታተሙ ነው እንጂ ለረዥም ጊዜ በልዩ ልዩ ውሃ የሚደረግ ፈተና እንዲከተለው ማዘዝ አልነበረም። በዚያ አዳራሽ ኬሚስትሪ የሚገባው ጉድለቱን ሊያይ አልቻለም፤ ጉድለቱ በኬሚስትሪው ውስጥ አልነበረምና። ሊያየው የሚችለው የመርከቡን ሆድ በየጊዜው የሚፍቀው የመርከብ ሠራተኛ ነበር። እርሱ ግን በአዳራሹ አልነበረም።

5. የኋለኞቹ ጉባኤዎች

የዴቪ ሐሳብ ከመርከቡ ላይ ቢወርድም አልሞተም። የአጎቱ ልጅ ኤድመንድ ዴቪ በአየርላንድ የኬሚስትሪ መምህር ነበር። እርሱ ከ1829 ጀምሮ ያንኑ መሠረተ ሐሳብ ለመዳብ ሳይሆን ለብረት አዋለው፤ በባሕር ላይ ምልክት ሆነው የሚንሳፈፉትን ነገሮች የብረት ክፍሎች በዚንክ ጠበቀ። እዚህ ላይ ቅራኔው የለም። ብረት መርዝ በመልቀቅ የሚሰጠው ጥቅም ስለሌለ ብረቱ መዳኑ ብቻ ይበቃል። ጥያቄው ሲስተካከል ያው መልስ ትክክል ሆነ ማለት ነው።

በ1831 የተመሠረተው የእንግሊዝ የሳይንስ ማስፋፊያ ማኅበር ደግሞ ሌላ ዓይነት የስብሰባ ልማድ አመጣ። ይህ ማኅበር በየዓመቱ በሌላ ከተማ ይሰበሰባል፤ ይመርመሩ የሚላቸውን ጥያቄዎች ይወስናል፤ ለምርመራውም ገንዘብ ይመድባል። በዚህ መሠረት የዳብሊኑ መሐንዲስ ሮበርት ማሌት የባሕርና የወንዝ ውሃ፥ ንጹሕም ሆነ ቆሻሻ፥ በልዩ ልዩ ሙቀት በብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንዲመረምር ተደረገ። ማሌት ልዩ ልዩ የብረት ዓይነቶችን በተለያየ ውሃ ውስጥ ለረዥም ጊዜ አስቀምጦ በ1838፥ በ1840ና በ1843 ሦስት ዘገባዎች አቀረበ። የሁለቱን መንገዶች ልዩነት አንባቢ ልብ ይበል። የዴቪ ሥራ ከጥያቄው እስከ ትእዛዙ ባጭር ጊዜ ተፈጸመ፤ የማሌት ሥራ ግን በጉባኤ ታዞ፥ በጉባኤ እየተመረመረና እየታረመ ለዓመታት ቀጠለ።

የመበላቱ ምክንያት በሙሉ የተብራራው ቀስ በቀስ ነው። የጄኔቩ ኦጉስት ደ ላ ሪቭ በ1830 ንጹሕ ያልሆነ ዚንክ ከንጹሑ ይልቅ በአሲድ ፈጥኖ የሚሟሟው በዚያው በአንዱ ብረት ላይ ጥቃቅን ኮረንቲዎች ስለሚፈጠሩ ነው ሲል አስረዳ። ስለዚህ ለመበላት ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች መነካካት ግድ አይደለም፤ በአንድ ዝርግ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦች ይበቃሉ። አሜሪካዊው ዊሊስ ዊትኒ በ1903 ብረት በውሃ ውስጥ መዝገቱ በመሠረቱ የኤሌክትሪክ ኬሚስትሪ ነገር መሆኑን ጻፈ። በካምብሪጅ ዩሊክ ኢቫንስ በ1920ዎቹ በብረት ላይ አንዲት የጨው ውሃ ጠብታ አኑሮ ተመለከተ። አየር በብዛት የሚያገኘው የጠብታው ዳር ሲድን፥ አየር የሚያንሰው መካከሉ ተበላ። ከዚህ በፊት ተመራማሪዎችን ሲያስቸግር የነበረው ነገር፥ ይኸውም ብረት በተሸፈነበትና በተሸሸገበት ቦታ የበለጠ መበላቱ፥ በዚህ ሊገባ ቻለ።

በተግባር በኩል ታላቁን እርምጃ የወሰደው ሮበርት ኩን ነው። ኩን በ1928 በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ መሬት ውስጥ የተቀበረ የጋዝ ቧንቧ ከውጭ በሚሰጥ ኮረንቲ ጠበቀ። በመዳብና በመዳብ ሰልፌት መለኪያ ሲለካ የ0.85 ቮልት አሉታዊ ኃይል ቧንቧውን ለመጠበቅ እንደሚበቃም አመለከተ። ይህንንም በዚያው ዓመት በዋሽንግተን ብሔራዊው የመለኪያዎች መሥሪያ ቤት በጠራው የብረት መበላት ጉባኤ አስታወቀ። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ መሐንዲሶች የሚሠሩበት ነው። ኩን የመጣው ከቧንቧው ሥራ ነው፤ ጉባኤውን የጠራው የመንግሥት የምርምር ቤት ነው። በ1824 በአዳራሹ ያልነበረው ሰው በ1928 ራሱ ተናጋሪ ሆኖ ተገኘ ለማለት ይቻላል። በ1943ም አሥራ አንድ የቧንቧ መሐንዲሶች በአሜሪካ የብረት መበላት መሐንዲሶችን ማኅበር መሠረቱ፤ ይህ ማኅበር በ2021 ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ በአዲስ ስም ሥራውን ቀጥሏል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤልጅጋዊው ማርሴል ፑርቤ ለእያንዳንዱ ብረት በየትኛው የኤሌክትሪክ ኃይልና በየትኛው የአሲድ መጠን እንደሚበላ ወይም እንደሚድን የሚያሳዩ ሥዕሎችን አዘጋጀ። ከዚያም በኤፕሪል 1961 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የብረታ ብረት መበላት ጉባኤ በለንደን ተደረገ። የመርከቡ፥ የቧንቧውና የፋብሪካው ጥያቄ፥ እንዲሁም የኬሚስቱና የመሐንዲሱ መልስ፥ በአንድ አርእስት ሥር የሚሰበሰቡበት ልማድ በዓለም ደረጃ ተተከለ።

6. ለእኛ የቀረበ ምሳሌ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ለሚመስለው ሰው ምሳሌውን ከራሱ በላይ ቀና ብሎ ማየት ይችላል። የአገራችንን ከተሞችና የብዙ ገጠር ቤቶችን ጣሪያ የሚሸፍነው ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ የመለበጡን ዘዴ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 የባለቤትነት ፈቃድ አወጣበት። ዚንኩ ብረቱን ከውሃ የሚጋርድ ልብስ ብቻ አይደለም። ቆርቆሮው ሲቆረጥ ወይም በሚስማር ሲበሳ ብረቱ ይገለጣል፤ ነገር ግን በዙሪያው ያለው ዚንክ በፋንታው እየተበላ ለጊዜው ያድነዋል። ዴቪ በመዳብ ላይ የሞከረው ነገር ይኸው ነው። ዚንኩ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ግን ብረቱ ለብቻው ይቀራል፤ ጣሪያውም መቅላት ይጀምራል። ስለዚህ ያረጀ ጣሪያ ቀይ ሆኖ ሲታይ ጠባቂው ሥራውን ፈጽሞ ማለቁን የሚነግረን ምልክት ነው።

7. ማጠቃለያ

በእንግሊዝ አገር በፕሮፌሰር ሆር የሚመራ ኮሚቴ በ1971 ባወጣው ዘገባ የብረታ ብረት መበላት በዓመት 1,365 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ኪሣራ እንደሚያስከትል፥ ይህም ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 3.5 በመቶ እንደሚሆን ገመተ። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የመላውን ዓለም ኪሣራ 2.5 ትሪሊዮን ዶላር፥ ማለት ከዓለም ምርት 3.4 በመቶ ያህል አድርሶታል። የሆር ኮሚቴ ከዚህ በተጨማሪ የተናገረው ነገር ከጽሑፋችን ጋር ይያያዛል። ከዚያ ኪሣራ 310 ሚሊዮን ፓውንድ ያህሉን ለማዳን የሚያስፈልገው በይበልጥ አዲስ ግኝት ሳይሆን ቀድሞ የታወቀውን በሚገባ ማሰራጨትና ሥራ ላይ ማዋል ነው አለ። እንግዲህ ከ1824 በኋላ 147 ዓመት አልፎም የሚጎድለው ዕውቀት ባለው ሰውና ሥራው በእጁ ባለው ሰው መካከል ያለው መንገድ ነበር።

የዴቪ ቅራኔ ራሱም ገና አልተዘጋም። ዛሬ የብረት መርከቦች ሁለቱን ሥራ ለሁለት ነገር ከፍለው ሰጥተዋል፤ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም ወይም የውጭ ኮረንቲ ብረቱን ይጠብቃል፥ መርዝ ያለው ቀለም ደግሞ ሣሩንና እንስሳውን ይከለክላል። ነገር ግን መርከቡን የሚጠብቀው መርዝ ባሕሩን ይጎዳል። ቆርቆሮ የተባለው ንጥረ ነገር ያለባቸው አንዳንድ ቀለሞች እጅግ ጎጂ ሆነው በመገኘታቸው በ2001 በተዋዋሉት ዓለም አቀፍ ስምምነት ተከለከሉ፤ ስምምነቱም በ2008 በሥራ ላይ ዋለ። «መርከቡ እንዴት ንጹሕ ይሁን?» የሚለውም ጥያቄ እንግዲህ እንደ መዳቡ ጥያቄ ጎደሎ ሆኖ ተገኘ፤ ባሕሩን አላስገባምና።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው ብለን እናምናለን። አንደኛው፥ የአንድ ሙከራ ትክክለኛነትና የሙከራው ጥቅም ለየብቻ መመዘን አለባቸው። ዴቪን በጥቅሙ ማነስ የነቀፉት ሰዎች ከነቀፋቸው ጋር ትክክለኛውን ሐሳብ አብረው ሊጥሉት ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ሁለተኛው፥ ተመራማሪ መልስ ከመፈለጉ በፊት ጥያቄውን ማን እንደ ጠየቀውና ማን ሳይጠየቅ እንደ ቀረ መመርመር ይገባዋል። አላርም መርከብ ላይ የወረቀቱን ነገር ያስተዋለው ዓይን ሊቅ በሌለበት ያየ ዓይን ነው። የ1824ቱ አዳራሽ ደግሞ ሊቃውንት ሞልተውት ያንን ዓይን ያጣ ነበር። በየትምህርት ክፍላችን የሚደረጉት የጥናት ስብሰባዎችም ሁለቱን በአንድነት የሚያገናኙ ቢሆኑ የሚቀርበው ምርምር ከመዝገብ ቤት አልፎ ለሥራው ቦታ ይደርሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።